ሞተሩ ወይስ ካምቢዮው? ለአሮጌ የጭነት ፒክአፕ የሚስማማውን ስለ መምረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተነበበ)



የቶዮታ ኩባንያ ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. በጃፓን ያመረተው ባለ 40 ተከታታይ ላንድክሩዘር በኢትዮጵያ ዳገትና ቁልቁለት ላይ የሰጠውን አገልግሎት ለዚህ ስብሰባ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ከዚሁ ቤተሰብ መካከል ኤፍ ጄ 45 የተባለው ረጅሙ ባለ ጭነት ሣጥን ፒክአፕ፣ ማምረቱ ከቆመ ከአርባ ዓመት በኋላም ሥራ ያልፈታ መኪና ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ታክሱን ካከበደ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና አድሶ የመያዝ ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት አግኝቷል። ስለሆነም «ሞተሩ ይለወጥ ወይስ ይታደስ?» የሚለው የባለንብረቶች ጥያቄ ወደ መሐንዲሱ ጠረጴዛ ደጋግሞ መምጣቱ አይቀርም።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በደጀን የሚኖሩ አንድ የእህል ነጋዴ በምሳሌነት ይታሰቡ። በ1978 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ከአባታቸው የወረሱት ኤፍ ጄ 45 አላቸው። በእርሱም ጤፍ ጭነው የዓባይን ሸለቆ ተሻግረው አዲስ አበባ ይገባሉ፤ ሲመለሱ የሱቅ ዕቃ ይጭናሉ። የቤተሰቡ መተዳደሪያ ይኸው መኪና ነው። አሁን ግን ዳገት ላይ ይደክማል፣ ያጨሳል፣ ሜዳ ላይም ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ ሞተሩ ይጮኻል። ወዳጆቻቸው ሁሉ «ትልቅ የናፍጣ ሞተር ያስገቡበት» ብለው ይመክሯቸዋል። ያጠራቀሙት ገንዘብ ግን ለአንድ ትልቅ ሥራ ብቻ የሚበቃ ነው። ይህ ገንዘብ ያለ ቦታው ከዋለ ሁለተኛ ዕድል የለም። እንግዲህ መሐንዲሱ ምን ሊመክራቸው ይገባል?

የዚህ ንግግር ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ምርጫው ከሞተሩ መጀመር የለበትም። አስቀድሞ መንገዱ የሚጠይቀው ኃይል ይሰላ፤ ቀጥሎ ያ ኃይል እንዴት ወደ ጎማው እንደሚደርስ ይታይ፤ መኪናውን የሚያቆመው ፍሬን ይመርመር፤ ሞተር የመለወጥ ነገር በመጨረሻ ይምጣ።

መንገዱ የሚጠይቀው

ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውና ከድልድዩ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣው መንገድ በእያንዳንዱ ወገን ከ1,000 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አለው። መኪናው ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ ዳገቱም በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ከፍ ይላል ተብሎ ይታሰብ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ እንዲወጣ በጎማዎቹ ላይ 2,200 ኒውተን ያህል የመግፋት ኃይል ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ 1,700 የሚሆነው ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሣት፣ ቀሪው የጎማውንና የአየሩን ተቃውሞ ለማሸነፍ የሚውል ነው። በካምቢዮና በዲፈረንሻል ውስጥ የሚባክነው ሲታከልበት ሞተሩ እንዲያወጣ የሚጠየቀው 37 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው።

ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ መኪና የተሰጠው 2ኤፍ የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር፣ ይዘቱ 4,230 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሆኖ፣ አዲስ ሳለ በባሕር ጠለል ላይ 135 ያህል የፈረስ ጉልበት ያወጣል። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚቀንስ፣ ጉልበቱም ወደ 105 ገደማ ዝቅ ይላል። እንዲያም ሆኖ ከተጠየቀው 37 እጅግ ይበልጣል። ከዚህ የምንረዳው፣ ጤነኛ የሆነ ነባር ሞተር ለዚህ ዳገት እንደማያንስ ነው። ስለዚህ የነጋዴው መኪና የሚደክመው ወይ ሞተሩ ጤና አጥቶ፣ ወይ ጉልበቱ ወደ ጎማው የሚሄድበት መንገድ የማይስማማ ሆኖ ነው። ሁለቱ ተለይተው መታየት አለባቸው።

ካምቢዮው

የካምቢዮ ሥራ የሞተሩን የማዞር ኃይል ማብዛት ነው። የማርሹ ቁጥር 3.55 ነው ሲባል፣ ሞተሩ 3.55 ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ የማዞር ኃይሉም በዚያው ልክ ይበዛል ማለት ነው። በብዙዎቹ ባለ ቤንዚን 40 ተከታታይ መኪናዎች ላይ የሚገኘው ኤች42 የተባለው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ የመጀመሪያ ማርሹ 3.55፣ አራተኛው 1 ነው። በ60 እና በቀደሙት 70 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች ላይ የገባው ኤች55ኤፍ የተባለው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ደግሞ የመጀመሪያው 4.84፣ አምስተኛው 0.845 ነው።

ይህ ልዩነት በሥራ ላይ ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል። 4.84 ለ3.55 ሲካፈል 1.36 ስለሚሰጥ፣ ሞተሩ ምንም ሳይነካ መኪናው በመጀመሪያ ማርሽ የሚያገኘው የመነሻ ኃይል በ36 በመቶ ይጨምራል። ጭነት ይዞ በጠመዝማዛ ዳገት ላይ ቆሞ ለሚነሣ መኪና ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ፍሪሲዮኑም ከመቃጠል ይድናል። በሌላው ጫፍ ደግሞ የዲፈረንሻሉ ቁጥር 4.11 ሆኖ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 2.45 ሜትር ይጓዛል ተብሎ ሲሰላ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተሩ በአራተኛ ማርሽ በደቂቃ 2,240 ጊዜ ያህል ይዞራል። በአምስተኛ ማርሽ ግን 1,890 ይበቃዋል። ጩኸቱ፣ የቤንዚን ወጪውና የሞተሩ መበላት በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ ካምቢዮውም የማይሠራው ተአምር አለ። በላይ በተጠቀሰው ዳገት ላይ መኪናው በኤች42 ሦስተኛ ማርሽም ሆነ በኤች55ኤፍ ሦስተኛ ማርሽ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ልዩነቱ ጥቂት ነው። አምስተኛው ማርሽም ለሜዳ እንጂ ለዳገት አይደለም። በአገጣጠሙም ረገድ የካምቢዮው ርዝመት ስለሚለይ ኃይል አስተላላፊዎቹ ዘንጎች ማጠር ወይም መርዘም ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ የዘንጎቹ ማዕዘን ካልተጠበቀም ክሮቸራው ቶሎ ይበላል። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው ሣጥን ከአዲሱ ካምቢዮ ጋር መግጠሙ፣ የፍሪሲዮኑም ቤት ከሞተሩ ጋር መስማማቱ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በመለኪያ መረጋገጥ አለበት።

ሞተሩ

ሞተርን ለመለወጥ ከመወሰን በፊት የሚደረገው ምርመራ ርካሽ ነው። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለካ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የዘይቱ ግፊት ይታይ፤ ራዲያተሩ መደፈን አለመደፈኑ ይመርመር። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራቶር በደጋ አገር ከአየሩ ይልቅ ቤንዚን ስለሚያበዛ ጥቁር ጭስና ድካም ያመጣል። ይህ ሲስተካከል «ሞቷል» የተባለ ሞተር የሚነሣበት ጊዜ አለ። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነውና ፋሻውና የቫልቮቹ ሁኔታ ይታያል።

ምርመራው የነባሩን ሞተር ፍጻሜ ካሳየ የሚቀርቡት አማራጮች በየወገናቸው ይመዘኑ። አንደኛው 2ኤፍን መልሶ ማደስ ነው፤ ሁሉ ነገር በቦታው ስለሚገባ የሚቆረጥና የሚበየድ የለም። ሁለተኛው ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ፒክአፕ ላይ በፋብሪካ የተገጠመው 2ኤች የተባለው 3,980 ሴንቲ ሜትር ኩብ የናፍጣ ሞተር ነው። ሦስተኛው ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ በ70 ተከታታይ ላይ የሚታወቀው 1ኤች ዜድ የተባለው 4,164 ሴንቲ ሜትር ኩብ የናፍጣ ሞተር ነው። ይህኛው በኢትዮጵያ በብዛት ስለሚሠራበት መካኒኩ ያውቀዋል፣ ዕቃውም በገበያ ይገኛል።

ወዳጆች የሚመክሩት 1ኤች ዜድ ነውና ቁጥሩ በጥሞና ይታይ። ከፍተኛ የማዞር ኃይሉ 285 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የ2ኤፍም አዲስ ሳለ የተሰጠው ቁጥር ከዚሁ የራቀ አይደለም። ስለዚህ የናፍጣው ሞተር በኪሎ ሜትር የሚፈጀው ነዳጅ ያንሳል እንጂ ዳገት የሚያስወጣ አዲስ ኃይል አያመጣም። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተርም ከከፍታው ቅጣት አያመልጥም፤ አየሩ ሲሳሳ የነዳጁ ልክ ካልተቀነሰለት ጥቁር ጭስ ያወጣል። ቱርቦ የተደረገለት ሞተር የከፍታውን ጉድለት ይሞላል፤ ሆኖም ሙቀቱንና በፍሪሲዮኑ ላይ የሚያርፈውን ጫና ያበዛል።

በአሜሪካ የዚህ ዓይነት ላንድክሩዘር ባለቤቶች ብዙዎቹ የሸቭሮሌን 5.7 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ይገጥማሉ። በዚያ አገር ዕቃው በየሱቁ ስለሚገኝ ምርጫቸው ያስኬዳል። ያንኑ ሞተር ደጀን ላይ መግጠም ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ከአሜሪካኖቹ መወሰድ ያለበት ሞተሩ ሳይሆን ዘዴው፣ ማለትም በአቅራቢያ ዕቃና ባለሙያ ያለውን መምረጥ ነው።

የሞተር ለውጥ ብቻውን አይመጣም። የሞተር መቀመጫው፣ ራዲያተሩ፣ የጭስ ማውጫው፣ የነዳጅ መስመሩ ሁሉ ይከተለዋል። ከናፍጣ ሞተሮቹ አንዳንዶቹ በ24 ቮልት የሚነሡ በመሆናቸው የኤሌክትሪክ ሥራውም ሊለወጥ ይችላል። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለሆነ ለውጡ በሕግ መመዝገብ አለበት፤ አለዚያ መኪናው ሲሸጥ ወይም አደጋ ሲደርስ ባለንብረቱን ለችግር ይዳርጋል።

ቁልቁለቱ

ስለ ዳገት ይህን ያህል ሲባል ስለ ቁልቁለት ዝም ማለት አይገባም፤ ሕይወት ያለው በዚያ ነውና። 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 70 ሊትር ውኃ ከ20 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። ከዚህ ውስጥ የጎማውና የአየሩ ተቃውሞ የሚወስደው አለ። ቀሪው ወይ በሞተሩ ይያዛል፣ ወይ በፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ይሆናል። ብዙዎቹ የቆዩ ኤፍ ጄ 45ዎች በአራቱም ጎማ ታምቡር ፍሬን ያላቸው ናቸው። ታምቡር ደግሞ ሙቀቱን ቶሎ አያስወጣም፤ ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይከዳል።

የቤንዚን ሞተር ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዛል። የናፍጣ ሞተር በአብዛኛው እንዲህ ያለ መዝጊያ ስለሌለው፣ የጭስ ማውጫ ፍሬን ካልተጨመረለት በቀር መያዙ ይደክማል። ከዚህም ሌላ የፍሬኑን መርገጫ የሚያግዘው ዕቃ የሚሠራው የቤንዚን ሞተር በሚፈጥረው የአየር መሳብ ነው። የናፍጣ ሞተር ይህን ስለማይፈጥር በዲናሞው ላይ የሚገጠም የአየር መሳቢያ ፖምፓ አለው። ሞተሩን የገጠመው ሰው ይህን ፖምፓ ቢተወው ወይም ቱቦውን ባያገናኘው መርገጫው ድንጋይ ይሆናል። ይህም የሚታወቀው በጋራዡ ግቢ ሳይሆን ቁልቁለቱ መካከል ነው።

በአንጻሩ ዝቅተኛ ማርሽ ያለው ካምቢዮ ለመውጣት እንደሚረዳ ሁሉ ለመውረድም ይረዳል። መኪናው በወጣበት ማርሽ ይውረድ የሚለው የቀድሞ ሾፌሮች ደንብ ከሒሳቡ ጋር የሚስማማ ነው።

መደምደሚያ

እንግዲህ ለደጀኑ ነጋዴ የሚሰጠው ምክር ይህን ይመስላል። አስቀድሞ የፍሬኑ ሸራዎች፣ ታምቡሮቹና ቱቦዎቹ ይታደሱ፤ ራዲያተሩም ይጠረግ። ቀጥሎ ኮምፕሬሽኑ ይለካ። ውጤቱ ደህና ከሆነ ካርቡራቶሩ ለከፍታው ተስተካክሎ፣ የቀረው ገንዘብ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ይግዛ። ሞተሩ በመጠኑ ከደከመ ፋሻውና ቫልቮቹ ይታደሱለትና የካምቢዮው ነገር ሌላ ዓመት ይጠብቅ። ሲሊንደሩ ለመታደስ እስከማይበቃ ድረስ ተበልቶ ከተገኘ ግን 1ኤች ዜድ ይመረጥ፤ ያውም ሞተሩ ለብቻው ሳይሆን ከአንድ መኪና ላይ ከነካምቢዮው፣ ከነራዲያተሩ፣ ከነዲናሞውና ከነፖምፓው ተሟልቶ ይገዛ። ከየቦታው የተለቃቀመ ዕቃ መጀመሪያ ርካሽ ቢመስልም፣ የሚጎድለው ሁሉ አንድ በአንድ ሲገዛ ዋጋው ይበልጣል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ ይህ ሒሳብ ከአንድ ገጽ ወረቀት አይበልጥም። የመኪናው ክብደት፣ የሚመላለስበት ዳገት፣ የማርሾቹ ቁጥር፣ የኮምፕሬሽኑ ልክና የፍሬኑ ሁኔታ ከተጻፈበት ይበቃል። ብዙ ባለንብረቶች ግን ገንዘባቸውን የሚያወጡት ይህን ወረቀት የሚያዘጋጅላቸው ሰው ሳያገኙ ነው። የማኅበሩ አባላት ወደ ጋራዥ ለሚሄድ ወዳጅም ሆነ ዘመድ ይህን አንድ ገጽ አስቀድመው ቢጽፉለት፣ ነጋዴው ያጠራቀሙት ገንዘብ ከብክነት፣ ከኋላቸው ጭነቱ ላይ የተቀመጠውም ረዳት ከዓባይ ገደል ይድናል።