ከዋሽንግተን እስከ ጫግኒ፦ የበረራ ርቀትና የጉዞ ጊዜ

የዚህች ከተማ ልጅ እንደመሆኔ ንግግሬን በአንድ የጫግኒ ጥያቄ ልጀምር። ልጆቻቸው አሜሪካ የሚኖሩ እናቶች «ሲመጡ በአንድ በረራ፣ ሲመለሱ ግን ሌላ አገር አርፈው፤ መንገዱ ሁለት ነው ወይ?» ይሉኛል።

መንገዱ አንድ ነው። ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ በአጭሩ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ርቀት በግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ አይለካም፤ ምድር ድቡልቡል ናትና አጭሩ መንገድ በካርታው ላይ ወደ ሰሜን ጎብጦ ይታያል። በሉል ላይ ክር የወጠረ ተማሪ ግን ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ይህ 13 ሰዓት ያህል ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ግን እንደየጊዜው ደብሊን ወይም ሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል፤ ጉዞውም 16 እና 17 ሰዓት ይደርሳል። አንዱ ምክንያት በላይኛው ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ነው፤ መጪውን ይገፋል፣ ሂያጁን ይመክታል። ዋናው ምክንያት ግን ቦሌ ራሱ ነው። ደለስ ከባሕር ወለል በላይ 95 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ከጫግኒ ከፍ፣ ከእንጅባራ ዝቅ ይላል። ከዚህ ወደ እንጅባራ ስትወጡ ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ የአየሩን መሳሳት ግን ልብ አትሉት ይሆናል። በቦሌ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ የሚደገፈው፣ ሞተርም የሚተነፍሰው በዚሁ አየር ስለሆነ አውሮፕላኑ ክብደት ቀንሶ መነሣት ይኖርበታል። መንገደኛ ከሚቀነስ ነዳጅ ይቀነሳል።

በቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓትም ያሳስታል። በበጋቸው ወራት ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ነው። በእነርሱ ጠዋት 5 ሰዓት ተነሥቶ በማግስቱ በእኛ ጠዋት 1 ሰዓት የሚገባ ሰው 20 ሰዓት የተጓዘ ይመስለዋል፤ 7ቱ ሲነሣ 13 ይቀራል።

እናቴ ያረፈች ዕለት እኔ ለምርምር ዋሽንግተን ነበርሁ። መርዶው በስልክ እንደደረሰኝ ይህንኑ ስሌት ሠራሁና ታናሽ ወንድሜን «13 ሰዓት ነው፤ ቀብሩን አቆዩልኝ» አልሁት። ስሌቱ ትክክል ነበር። የዕለቱ በረራ ግን ሄዷል፤ የማግስቱን ጠበቅሁ። ቦሌ ስደርስ የባሕር ዳሩ አውሮፕላን ሞልቶ ቆየኝ። ከባሕር ዳር በዳንግላና በእንጅባራ አድርጌ ጫግኒ የገባሁት በሠልስቷ ዕለት፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው በሳሳበት ሰዓት ነው። ቀብሩን እስከቻሉት ድረስ አቆይተውት ነበር።

ወንድሜ አልወቀሰኝም። ማታ ለብቻችን ስንቀር ብቻ፣ «ጋሼ፣ 13 ሰዓት ያልኸው ከየት እስከ የት ነበር?» አለኝ።