በመካከላችን ስለ ኖሩት የውጭ አገር ሰዎች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ ጡረተኛ መምህር ያደረጉት ንግግር)



 ዲሬክተሩ «ስለ ዕውቀት ጥቅም ይናገሩልን» ብለውኝ ነበር። ነገር ግን ስለ ዕውቀት ጥቅም በዚህ አዳራሽ ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረ፣ እኔም ራሴ ሦስት ጊዜ ያህል ስለ ተናገርሁ፣ ይቅርታቸውን ለምኜ ሌላ ነገር መርጫለሁ። የመረጥሁትም በመካከላችን ብዙ ዘመን ተቀምጠው እስከ ዛሬ እንግዳ ስለሚባሉት የውጭ አገር ሰዎች ነው።

እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን እንላለን፤ እውነትም ነው። እግር እናጥባለን፣ አልጋ እንለቅቃለን፣ ጉርሻ እናጎርሳለን። ይህ ሁሉ ግን ለሦስት ቀን የመጣ ሰው የሚደረግ ነው። አርባ ዓመት የተቀመጠውን ሰው ምን እናድርገው? ስለዚህ ነገር አባቶቻችን የነገሩን ሥርዓት ያለ አይመስለኝም።

እዚሁ ሀና ማርያም፣ ከእኔ ቤት ሁለት በር አልፈው የሚኖሩ አንድ ጎረቤት አሉኝ። የደቡብ ሕንድ፣ የኬራላ ሰው ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛልና ጎረቤቴ እያልሁ እናገራለሁ። በመስከረም 1971 ዓ.ም. በሁለት ዓመት ውል የፊዚክስ መምህር ሆነው ወደ አገራችን መጡ፤ ባለቤታቸውም በዚያው ዓመት ተከተሏቸው። ሁለቱ ዓመት አራት ሆነ፣ አራቱ ዐሥር ሆነ። በወሎና በጎንደር አስተምረዋል፤ ልጆቻቸውን እዚህ ወልደው አሳድገዋል። ወደ ሰፈራችን የመጡት በ1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከቤቶቹ መካከል ማሳው ገና አልጠፋም ነበር።

የሕንድ መምህር ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። በ1964 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩኝ ሕንዳዊ ነበሩ። በዚያን ዘመን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሕንድ መምህር ማየት የተለመደ ነበር። ከአሜሪካም የሰላም ጓድ የሚባሉት ወጣቶች በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ270 በላይ ሆነው በአንድ ጊዜ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ተበትነው ነበር። ታዲያ ያ መምህራችን «ገባችሁ?» ብለው ሲጠይቁን እኛ እንደ ልማዳችን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን አዎን እንላለን። እርሳቸው ግን የደነገጥን እየመሰላቸው እንደ ገና ከመጀመሪያው ያስረዱን ነበር። እኛም ሰሌዳው ላይ ሠርተን ዘወር ስንል፣ እርሳቸው በአገራቸው ልማድ ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ ወዝወዝ ያደርጋሉ። ትክክል ነው ማለታቸው ነው። እኛ ግን ስሕተት ነው ያሉ መስሎን የሠራነውን እናጠፋዋለን። እንዲህ ስንጠፋፋ አንድ መንፈቅ አለፈ። ከክፍል ሲወጡም አረማመዳቸውንና አነጋገራቸውን እያስመሰልን እንስቅባቸው ነበር፤ እኔ በዚህ ሥራ የታወቅሁ ነበርሁ። እርሳቸው ግን ጥግ ላይ ተቀምጠው የእኔን ደብተር በቀይ ቀለም ያርሙ ነበር።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ማታ ማታ በደጃፋቸው ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ የሚያማርሩትን ስሰማ መጀመሪያ እስቅ ነበር። የሰዓቱ ነገር እንኳ ቀላሉ ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምረን እንቈጥራለን፤ ሌላው ዓለም ከእኩለ ሌሊት ይቈጥራል። በመጡበት ወር «ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ» ቢሏቸው፣ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ከረባታቸውን አስረው ባዶ አዳራሽ ገቡ። ይህን በአንድ ወር ተማሩት። የዘመን አቈጣጠሩ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። የተወለዱት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1952 ነው። አንድ ጸሐፊ ይህን ዓመት እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ቈጥሮ መዘገበው። ስለዚህ ጎረቤቴ በአንዱ ወረቀት ከሰባ ዓመት በላይ ሲሆናቸው፣ በሌላው ወረቀት ሰባት ዓመት ከፍ ያለ ጊዜ ተቀንሶላቸው ወጣት ሆነዋል። ይህን ለማስተካከል ብዙ ደጅ ጠንተዋል። «ያላስተካከልሁት ሚስቴ ወጣቱን ስለ ወደደችው ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

የስምም ነገር አለ። የምዕራብ አገር ሰው በእኛ ቅጽ ላይ የአያት ስም ሲጠየቅ ይጨነቃል፤ እርሱ የቤተሰብ ስም እንጂ የአያት ስም መጻፍ አልለመደምና። የጎረቤቴ ችግር ግን የተገላቢጦሽ ነው። በኬራላ ክርስቲያኖች ዘንድ እንደ እኛው ከራስ ስም ቀጥሎ የአባትን ስም መጥራት የተለመደ ነው። እርሳቸውም ይህን ደስ ብሏቸው ሲናገሩ፣ በመስኮት ያለው ሰው «የለም፣ እርስዎ የውጭ ሰው ስለ ሆኑ የቤተሰብ ስም ሊኖርዎ ይገባል» ብሎ ይመልሳቸዋል።

ወጣቶች ተማሪዎች፣ ይህን ልብ ብላችሁ እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። ከሁሉ ይበልጥ ጎረቤቴን የሚያሳዝናቸው በዋጋ መታለላቸው አይደለም። የሽንኩርት ነጋዴዋ ለእኔ የምትነግረኝን ዋጋ ለእርሳቸው ከፍ አድርጋ ስትነግራቸው እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም ያልሁበት ቀን አለ፤ እርሳቸውም አይተውኛል። እርሳቸውን የሚያሳዝናቸው ቋንቋችን ነው። አማርኛን አጥርተው ይናገራሉ። ነገር ግን በአማርኛ ሲጠይቁ በእንግሊዝኛ ይመለስላቸዋል። «ጎበዝ! አማርኛ ትችላለህ!» ይላቸዋል የልጅ ልጃቸው የሚሆን ልጅ። ቃሉ ምስጋና ነው፤ ግን ከአርባ ዓመት በኋላ የሚሰጥ ምስጋና ነው። ደግሞም «ትችላለህ» ይላል! አባቱን እርስዎ የሚል፣ የጎረቤቱን ሽማግሌ ጋሼ የሚል ልጅ፣ ፀጉራቸው የነጣ መምህር ፊት ቆሞ አንተ ይላል። የውጭ ሰው አንቱታ አይገባውም ብለን የፈረድነው መቼ ነው? እኔም ራሴ በመጀመሪያው ዓመት አንተ እላቸው ነበር። እርሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያቋርጡ እርስዎ ይሉኝ ስለ ነበር አፍሬ ተውሁ።

በመንገድ የሚጮኸውንማ ታውቁታላችሁ። ወደ ለቡ ባቡር ጣቢያ የሚያልፍ የሩቅ ምሥራቅ ሰው ሁሉ፣ ጃፓናዊም ይሁን ኮሪያዊ፣ በእኛ ሰፈር ልጆች ዘንድ «ቻይና» ነው። የጅቡቲው አዲስ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ሠርተው ያስረከቡት ቻይናውያን እንደ ነበሩ እውነት ነው። ስም ሆኖ የሚጠራ አገር ግን የለም። ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ አይደለም። ወደ ሰሜን አሜሪካ ሄጄ በልጄ ቤት ሰባት ወር በተቀመጥሁ ጊዜ፣ በየቀኑ «ከየት ነህ?» ስባል፣ በሰባተኛው ወር መልሱ አስመርሮኝ «ከሀና ማርያም» ማለት ጀምሬ ነበር።

ስለ ሃይማኖታቸውም የሚደርስባቸው ነገር አለ። ጎረቤቴ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ናቸው። የሕንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ጋር በእምነት አንድ ናት። በጥር 1957 ዓ.ም. የምሥራቅ ኦርየንታል አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ የሕንዱም መሪ ተገኝተው ነበር። ይህን ግን ስንቱ ያውቃል? ጎረቤቴ በወር በወሩ በ21 ቀን ወደ ሀና ማርያም ሲሄዱ፣ ጫማቸውን በደጅ ሲያወልቁ ያየች አንዲት እናት «ሕንድ ላም አያመልክም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጫማ ማውለቅን እኛ ያስተማርናቸው መስሏት ነበር። እነርሱም በአገራቸው እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለ ምግቡማ መናገር አያስፈልግም፤ የበርበሬ አገር ሰው ተቀምጠው አሳላፊው «ለእሳቸው አልጫ ይሁን» ይላል።

እንዲህ ያለው ሕይወት የእርሳቸው ብቻ አይደለም። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አምጥተው ነበር፤ አርባ ልጆች የተባሉት እነርሱ ናቸው። የሙዚቃ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። አገር በሙሉ ተነሥቶ ቆሞ የሚሰማውን ዜማ የደረሰው ሰው አርመናዊ ነበር። ከሕንድ የመጡት ፖል ቨርጊስም በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ግድም በመምህርነት መጥተው፣ አማርኛ ተምረው፣ ኋላም ንጉሠ ነገሥቱን አገልግለው፣ በአገራቸው ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ የተባሉ ጳጳስ ሆነዋል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ከባለቤታቸው ጋር በ1951 ዓ.ም. ለሦስት ዓመት ብለው መጥተው፣ መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እስኪያርፉ ድረስ በፌስቱላ የተጎዱ እናቶችን ሲያክሙ ኖሩ። ሲልቪያ ፓንክኸርስት በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ሲያርፉ ወለተ ክርስቶስ ተብለው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድም በ2009 ዓ.ም. እዚያው ተቀበሩ። ለታላላቆቹ የክብር መቃብር ሰጥተናል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሐውልት የማይቆምለት ጎረቤት ነው።

አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንድ የውጭ አገር ሰው አራት ዓመት ከኖረና ሌሎቹን ግዴታዎች ካሟላ ኢትዮጵያዊ ለመሆን እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ነገር ግን የቀድሞ ዜግነቱን መልቀቅ አለበት። ጎረቤቴ በኬራላ ያለውን የእናታቸውን መቃብር እንደ ባዕድ በቪዛ ለማየት ልባቸው አልፈቀደም። ቤትም አልነበራቸውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የውጭ ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሕጉ የላላው ብዙ ገንዘብ ላለው እንጂ ለጡረተኛ መምህር አይደለም። ስለዚህ በኪራይ ሰባት ቤት ለዋውጠዋል። እነዚህን ነገሮች በሆድ ይችሏቸዋል። እኔ ለመናገር የመጣሁት ስለ እድሩ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ጎረቤቴ ወደ ሰፈራችን እድር ለመግባት ጠየቁ። ጸሐፊው እኔ ነበርሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ነገ አገሩ ይገባል፤ ደግሞ ቢሞት አስከሬኑ በአውሮፕላን ነው የሚሄደው» አሉ። ማንም አልተቃወመም። እኔም በቃለ ጉባኤው ላይ «ጉዳዩ ይጠና» ብዬ ጻፍሁ። በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤ ቀን በደጅ አግኝተው ይጠይቁኛል፤ እኔም «እሺ» እላለሁ። እሺ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እኛ እናውቃለን። እርሳቸው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ እሺ ማለት እሺ መስሏቸው ነበር።

በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ባለቤታቸው ዐረፉ። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ አላቋረጠም። ከቀብር ስንመለስ ድንኳን አልነበረም፣ አግዳሚ ወንበርም አልነበረም። የቀድሞ ተማሪዎቻቸውና ጥቂት የሕንድ ቤተ ሰቦች በቤቱ ጣራ ጥግ ተጠግተው ቆሙ። ድንኳኑ ግን ከዚያ ሦስት መቶ እርምጃ በማይሞላ ስፍራ በመጋዘን ተጣጥፎ ነበር። የመጋዘኑ ቁልፍ በኪሴ ነበር። አባል ላልሆነ አይሰጥም የሚል ደንብ ስላለ አልከፈትሁም። ጃንጥላ ይዤ ሄጄ እንደ ማንኛውም ሰው «እግዜር ያጽናዎ» አልኋቸው።

በሚቀጥለው ጉባኤ ደንቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። «የአካባቢው ነዋሪ የሆነ» ይላል እንጂ ስለ ዜግነት አንዳች ቃል የለበትም። ለካስ አንድ ቀን አንብበነው አናውቅም! ጎረቤቴ ያን ዕለት ተጠርተው ገቡ። የመግቢያውን ገንዘብ ከፈሉ። ቀጥለውም የሦስቱን ዓመት ውዝፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «መጀመሪያ ከጠየቅሁበት ቀን ጀምሮ ይቈጠርልኝ» አሉ።

ገንዘብ ያዡ እጁን ሰበሰበ። ከዚያን ቀን ከተቈጠረ የባለቤታቸው የቀብር ገንዘብ ይገባቸዋልና። ቤቱ ጸጥ አለ። ያ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፤ ነገር ግን ምንም አልተናገሩም። ጎረቤቴ ነገሩ ገብቷቸው «የለም፣ የለም፤ ገንዘቡን አልፈልግም። የእርሷ ስም እንዲጻፍ ብቻ ነው» አሉ። እኔም መዝገቡን ገልጬ የራሳቸውን ስም ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ጻፍሁ፤ ቦታው በትክክል በቃ። ከዚያ በታች የባለቤታቸውን ስም ጻፍሁ፤ በአጠገቡም በሞት የተለዩትን የምናመለክትበትን መስቀል አደረግሁ። እጄ መንቀጥቀጡን አይተው መዝገቡን በአንድ እጃቸው ያዙልኝ።

በ2014 ዓ.ም. እኅቴ በሞተች ጊዜ ከእድርተኛው ሁሉ አስቀድመው የመጡ እርሳቸው ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ነበር የመጡት። ሦስት ቀን ከድንኳኑ አልወጡም። በሁለተኛው ቀን ከሌላ ሰፈር የመጣ አንድ ለቀስተኛ አጠገባቸው ተቀምጦ ሲያጫውታቸው ቆየና «ወደ አገርዎ የሚመለሱት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ወደ እኔ ዞር ብለው «የዚህ ወር መዋጮ እሑድ ነው አይደል?» አሉኝ። አዎን አልኋቸው። «እንግዲህ እስከ እሑድ የትም አልሄድም» ብለው መለሱለት።