ዋንጫው ላይ ያለው አንበሳ

(ድምፅ፦ የአንጥረኛ መዶሻ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ከላፍቶ እስከ ጀሞ የምታዳምጡን፣ ከአያት የቀረ የብር ዋንጫ ካላችሁ እስቲ ከቁም ሳጥኑ አውጡት። ዘውድ ደፍቶ ባለመስቀል በትር የያዘ አንበሳ አለበት? የይሁዳ አንበሳ ነው፤ የሰሎሞናዊ ነገሥታት ምልክት፤ በዳግማዊ ምኒልክ ብር ላይም ተቀርጿል። መነሻና መድረሻ የሌለው የተጠላለፈ ሐረግ ደግሞ፣ በመስቀሎቻችን ላይ እንደምናየው፣ የዘላለም ሕይወት ምሳሌ ነው።

የዋንጫው ብርስ ከየት መጣ? አንጥረኞቻችን ብዙ ጊዜ የሚያቀልጡት የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ነበር፦ 28 ግራም ገደማ፣ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም በኋላ የተመታውም ያንኑ ዓመት ይዟል። ገበያተኛው በጠገራው ላይ ባለው ምስሏ፣ በራስ ጌጧ ላይ ያሉትን ሉሎች ሳይቆጥር አይቀበልም ነበር፤ ተጠራጣሪ ነበርና!

የዋንጫችሁን ጥቁረት ግን በአሸዋ አትፈትጉት፤ ቅርጹ አብሮ ይሄዳል።