ውሽንፍሩ በውጭ፥ ፍሙ በቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ዕረፍትና ስለ ዕረፍት መታወክ ነው፤ ይልቁንም ባልና ሚስት ለዕረፍት በወጡበት ተራራ ላይ ያላሰቡት ውሽንፍር ቢደርስባቸው ከዚያ ምን ትምህርት እንደሚገኝ ነው።

ዕረፍት የተባረከ ነገር ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፥ ሐዋርያት ከተላኩበት ተመልሰው ለመብላት እንኳ ፋታ ባጡ ጊዜ፥ ጌታችን ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ብለው ጥቂት እንዲያርፉ አዘዛቸው። እነርሱም በታንኳ ሄዱ። ነገር ግን ሕዝቡ በእግር ሮጦ ቀደማቸውና የታሰበው ዕረፍት ገና ሳይጀመር ታወከ። ጌታችን ግን በመጡት ሰዎች አልተቈጣም፤ ዐዘነላቸው፥ አስተማራቸው፥ መገባቸውም። ከዚህ የምንረዳው ዕረፍታችንን የሚያቋርጥ ሁሉ ጠላታችን አለመሆኑን ነው። የሚያስፈልገን ነገር አንዳንድ ጊዜ በመሰናክል መልክ ይመጣልና።

እስቲ አንድ ባልና ሚስት በዓይነ ልቡናችን እንመልከት። በተክሊል ከተጋቡ ሰባተኛ ዓመታቸው ነው። እርሱ ማለዳ ወጥቶ ማታ ይገባል፤ እርስዋም እንዲሁ። ቤታቸው በሰው ዓይን ሲታይ የጎደለው ነገር የለም። ነገር ግን ባልየው ቤቱን ለማደስ አብረው ካጠራቀሙት ገንዘብ እኩሌታውን፥ ሚስቱን ሳያማክር፥ ለታናሽ ወንድሙ አበድሮት ነበር። እርስዋም ይህን ከሌላ ሰው አፍ ሰማች፤ ሰምታም ዝም አለች። እርሱም መስማትዋን ዐወቀ፤ ዐውቆም ዝም አለ። ሁለት ወር በዚህ ሁኔታ አለፈ። በመጨረሻም አየር ብንለውጥ ይሻለናል ተባብለው፥ ከመስቀል በዓል በኋላ ለሦስት ቀን ወደ ሰሜን ተራራ ሄዱ።

ሰሜን ተራራ ከጎንደር ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከደባርቅ ወዲያ የሚዘረጋ፥ በራስ ደጀን ጫፍ ከ4500 ሜትር በላይ ከፍ የሚል የተራራ ሰንሰለት ነው። ዋልያና ጭላዳ የሚኖሩበት ብሔራዊ ፓርክም በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የገደሉን ጥልቀትና የሰማዩን ስፋት ለሚያይ ሰው የፈጣሪን ሥራ ማድነቅ አያስቸግረውም።

ባልና ሚስቱ በዚያ ያረፉባት ቤት ግድግዳዋ ድንጋይ፥ ክዳንዋ ጓሳ የሆነች ትንሽ ጎጆ ነበረች። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበርና አስታውን ዐልፈው እስከ ገደሉ አፋፍ ሄዱ። ይሁን እንጂ በተራራ ላይ የአየር ጠባይ ቶሎ ይለወጣል። ፀሐይ የተራራውን ጎን ስታሞቀው እርጥበት ያዘለው አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣም ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቅዞም ደመና ይሆናል፤ ከቀትር በኋላም ደመናው ከብዶ ነጐድጓድና በረዶ ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ተራራን የሚያውቅ ሰው በማለዳ ይወጣል፥ በጊዜም ይመለሳል። እነዚህ ግን ዘገዩ። ውሽንፍሩ ከደጃፋቸው አጠገብ አገኛቸውና ርሰው፥ እየተንቀጠቀጡ ወደ ጎጆዪቱ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን አስተውሉ። በሩን ዘጉ፤ መስኮቱንም ዘጉ። ነፋሱ በስንጥቁ ሲገባባቸው ሚስቲቱ ነጠላዋን ጠቅልላ ወተፈችበት። ባልየውም በደጅ የነበረውን የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ አስገባ። ፍሙ ቀልቶ ነበር፤ ጢስም አልነበረውም። በረዶው ክዳኑን ይደበድባል፥ መብረቁ ይበርቃል፤ እነርሱም በፍሙ ግራና ቀኝ ተቀምጠው፥ ሳይነጋገሩ፥ ውጭውን ብቻ ይፈሩ ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል እንደ ቆዩ ሚስቲቱን ራስዋን አመማት። ከተራራው ከፍታ ነው ብላ ዝም አለች። ባልየውም ራሱን አመመው፥ እንቅልፍ እንቅልፍም አለው። ከብርዱ ነው ብሎ ዝም አለ። ብትነግረው ኖሮ እርሱም እንዳመመው ይነግራት ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መታመማቸው ይገለጥና ምክንያቱን ይመረምሩ ነበር። ነገር ግን ሁለት ወር ሙሉ ዝም ማለትን ተለማምደው ነበርና፥ ይህንም እንደ ለመዱት በዝምታ አሳለፉት።

በዚህ ጊዜ የጎጆዪቱ ጠባቂ የሆኑ ሽማግሌ ገሣቸውን ለብሰው፥ ትኩስ ሻይና የገብስ ቆሎ ይዘው መጡ። በሩ ተከፍቶላቸው ወደ ውስጥ እንደ ተመለከቱ፥ ያመጡትን አስቀምጠው ምድጃውን ብድግ አደረጉና ወደ ዝናሙ አወጡት። መስኮቱንም ከፈቱ።

ሚስቲቱም፥ «አባቴ፥ በዚህ ብርድ እሳቱን ይነሡናል?» አለቻቸው።

እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ለብርዱ ጋቢ እጨምርላችኋለሁ፤ ለዚህኛው ግን መድኃኒት የለኝም። ውጭ ያለው ይጮኻልና ትፈሩታላችሁ። ይህኛው አይጮኽም፤ ስለዚህ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ትሞቁታላችሁ» አሉ።

ምእመናን ሆይ፤ ይህን ነገር እንደ ተረት አትስሙት። ከሰል በቂ አየር በሌለበት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣዋል። ይህ መርዝ ቀለም የለውም፥ ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ገብቶ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል፤ ራስ ያሳምማል፥ ያጥወለውላል፥ ጕልበት ያሳጣል፥ እንቅልፍ ያመጣል፤ የተኛውም ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ፍሙ ቀላ፥ ጢሱም አለቀ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። ስለዚህ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዳችሁ አትቀመጡ፥ ይልቁንም አትተኙ። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ቢያማቸው ፈጥነው ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ፥ ወደ ሐኪምም ይሂዱ። ነፍስን መጠበቅ የፈጣሪን አደራ መጠበቅ ነውና።

ይህ ለሥጋ ነው። ለነፍስ የሚሆነውን ደግሞ እንመልከት። ችግር፥ ሕመም፥ ማጣት፥ የሰው ወሬ፥ እነዚህ በትዳር ላይ የሚመጡ ውሽንፍሮች ናቸው። ይጮኻሉ፤ ስለሚጮኹም እንጠነቀቅላቸዋለን። በግልጥ የሚደረግ ጠብም ነበልባልና ጢስ አለው፤ ጎረቤት ያየዋል፥ ሽማግሌ ይደርስበታል። ቂም ግን እንደ ቀላ ፍም ነው፤ ጢስ የለውም። ቂም የያዘ ሰው በቂሙ ይሞቃል፤ ተበድያለሁ እያለ በልቡ ሲያብሰለስለው ደስ ደስ ይለዋል። የበደለውም ሰው አለመጠየቁን እንደ ሰላም ይቈጥረዋል። እንዲህ ሆነው ሁለቱም በአንድ ቤት፥ በአንድ ፍም ዙሪያ፥ ቀስ በቀስ ያንቀላፋሉ።

አንዳንዶች፥ ገበናችን እንዳይወጣ ብለን ነው የዘጋነው ይሉ ይሆናል። ገበናን መሸፈን መልካም ነው። ነገር ግን ነገርን ከባዕድ መሸፈን ሌላ፥ ባል ከሚስቱ፥ ሚስትም ከባልዋ መሸሸግ ሌላ ነው። ጻድቁ ኖኅ ከሚስቱ፥ ከሦስቱ ልጆቹና ከሚስቶቻቸው ጋራ ወደ መርከብ በገባ ጊዜ፥ በሩን ከውጭ የዘጋው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ዝናሙም 40 ቀንና 40 ሌሊት ወረደ። ነገር ግን ያው በሩን የዘጋ ጌታ፥ አስቀድሞ ለመርከቢቱ መስኮት እንዲሠራላት አዝዞ ነበር። በጥፋት ውኃ ዘመን እንኳ 8ቱ ነፍሳት ያለ መስኮት አልተዘጋባቸውም። እኛስ በትንሽ ውሽንፍር ምክንያት መስኮታችንን ስለ ምን እንወትፋለን?

ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። ያን ሌሊት ያለ እሳት፥ ጋቢ ተከናንበው፥ መስኮቱ ተከፍቶ ተቀመጡ። ውሽንፍሩ ወዴትም አያስወጣም። መጀመሪያ የተናገረችው እርስዋ ናት።

«ራሴን አሞኝ ነበር።»

«እኔንም አሞኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«አንቺስ?»

ከዚያ በኋላ ብዙ ዝም አሉ። ኋላም እርሱ፥ «ወንድሜ በዕዳ ምክንያት ሱቁ ሊዘጋበት ነበር። ብነግርሽ እንቢ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ» አላት።

እርስዋም፥ «እንቢ እል ይሆናል። ነገር ግን አብሬህ እጨነቅ ነበር። አንተ የወሰድኸው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ከጭንቀትህም ድርሻዬን ከለከልኸኝ» አለችው።

ገንዘቡ በዚያ ሌሊት አልተመለሰም። እርስዋም ግድ የለም አላለችም፤ ግድ ነበራትና። ነገር ግን ወደ ወንድምየው አብረው ሊሄዱ፥ ከእንግዲህም አንዱ ከሌላው ሸሽጎ ምንም ላያደርግ ተስማሙ። ውሽንፍሩ በማግሥቱም ስላላባራ ዋልያውን ሳያዩ ተመለሱ። ለመዝናናት የወጡበት መንገድ ከሸፈባቸው፤ የወጡበትን ምክንያት ግን አገኙት።

እንግዲህ ባለትዳሮች ሆይ፤ ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፥ ቍጣችሁ ከፀሐይ መግቢያ እንዳያልፍ ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች የመከረውን አስቡ። የዛሬ ቅሬታ ዛሬ ቢነገር ቃል ነው፤ ሁለት ወር ቢቀመጥ ግን መርዝ ይሆናል። ሁለተኛ፥ የሚናገረውን ሰው እስኪጨርስ ስሙት፤ መስኮት ከፍቶ ነፋሱን መሳደብ አይገባምና። ሦስተኛ፥ ለብቻችሁ መክፈት ቢሳናችሁ የንስሐ አባታችሁን ወይም አስተዋይ ሽማግሌ ጥሩ፤ ምድጃውን ብድግ አድርጎ የሚያወጣ የሌላ ሰው እጅ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

ይህንም እንጨምር። በቤቱ ውስጥ የሚደበደብ ሰው፥ ሴትም ትሁን ወንድ፥ ታገሥ ተብሎ በሩ ሊዘጋበት አይገባም። ዱላ ሊታገሡት የሚገባ ውሽንፍር አይደለም፤ ለእንዲህ ያለው የሚከፈተው መስኮቱ ብቻ ሳይሆን በሩም ነው።

ልዑል እግዚአብሔር በውጭ ካለው ውሽንፍር ይሰውረን፤ በቤታችን ያለውንም የተዳፈነ ፍም ገልጦ ያሳየን። ሕመማችንን እርስ በርሳችን የምንነጋገርበት አንደበት፥ የምንሰማማበትም ልቡና ይስጠን። ለጎጆዎቻችን ሰላምን፥ ለአገራችንም ፍቅርን ያድለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።