በአየር ላይ የዋለ ቃልና የአድራሻው ጽናት



እንደሚታወቀው፣ በአየር ላይ የዋለ ቃል አይጠብቅም። አድማጭ የመድኃኒቱን መጠን ወይም የምዝገባውን ቀን ለመጻፍ እርሳስ እስኪያነሣ ድረስ ተናጋሪው ወደ ሌላ ጉዳይ ይሻገራል። ሥርጭትን ከጽሑፍ መረጃ ጋር የማገናኘቱ ጥረት የመነጨውም ከዚሁ ችግር ነው።

የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. በ1974 እ.ኤ.አ. ሲፋክስ የተባለውን አገልግሎት ጀመረ። የጽሑፍ ገጾች በምስሉ ላይ በማይታዩ የሥርጭት መስመሮች ተጭነው እስከ ተመልካቹ ቤት ይደርሱ ነበር። አገልግሎቱ በ2012 አበቃ። በ2010 በአውሮፓ ደረጃ የወጣለት ኤች.ቢ.ቢ.ቲ.ቪ. ደግሞ በሥርጭቱ ውስጥ የኢንተርኔት አድራሻ ይልካል፤ ተመልካቹ ቀዩን ቁልፍ ሲጫን፣ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘው ቴሌቪዥን ተዛማጁን ገጽ ይከፍታል።

ይሁን እንጂ ዋናው ቁም ነገር ከመሣሪያው ይልቅ በአድራሻው ጽናት ላይ ነው። ቢ.ቢ.ሲ. ከ2007 ጀምሮ ለየዝግጅቱ ቋሚ መለያና የራሱን ገጽ ወደ መስጠት መሸጋገሩ የሚጠቀሰው ስለዚህ ነው። ወደ ጣቢያው መነሻ ገጽ ብቻ የተመራ አድማጭ በብዙ አርእስት መካከል ሲያሥስ ይደክማል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚጠፋ አድራሻም በአየር ላይ የተሰጠውን ቃል ያፈርሳል።

በመሆኑም አዘጋጁ ዝግጅቱ ከመተላለፉ በፊት ገጹ መሰናዳቱን ያረጋግጥ። አድራሻው አጭርና በጆሮ የሚያዝ ይሁን። ሕይወትን የሚነካ መረጃ ግን በገጹ ላይ ብቻ አይቅር፤ ራዲዮ እንጂ ኢንተርኔት የሌለው አድማጭ እንዲይዘው በዚያው ሰዓት ተደግሞ ይነበብ። ገጹ የሥርጭቱ አጋዥ እንጂ ምትኩ አይደለምና።