የጉልበት ልክ በቁጥር ሲሰፈር

(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)

በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ስለሚደረግ አንድ የጨዋታ ዓይነት፣ በተለይም በዚሁ ጨዋታ ውስጥ የሰው አካል ኀይል በቁጥር ስለሚሰፈርበት ሥርዓት ነው።

ጨዋታው እንደ ገበጣ ወይም እንደ ቼዝ ጠጠር የሚያዘዋውሩበት አይደለም። ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው አንድ ባለታሪክን ወክለው «በሩን እሰብራለሁ»፣ «ገደሉን እዘላለሁ» እያሉ አሳባቸውን በቃል ይናገራሉ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ዳኛ ሆኖ የሚደርሰውን ይተርካል። የዚህ ዓይነት ጨዋታ መጀመሪያ ሆኖ ለገበያ የቀረበው፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያዘጋጁት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። የታተመውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወደፊት የምንጠራቸውም ዓመቶች በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

ለእያንዳንዱ ባለታሪክ ስድስት ቁጥሮች ይሰጡታል። ሦስቱ የአእምሮና የግርማ ሞገስ ናቸው፤ የቀሩት ሦስቱ ግን የአካል ሲሆኑ፣ ጉልበት፣ ቅልጥፍናና ጽናት ልንላቸው እንችላለን። ጉልበት ለመሸከምና ለመታገል ነው፤ ቅልጥፍና ከሚወረወር ነገር ለማምለጥና ኮቴ ሳያሰሙ ለመሄድ ነው፤ ጽናት ደግሞ ቁስልን፣ መርዝንና ድካምን ለመቻል ነው። ጉልበተኛ ሁሉ ፈጣን፣ ፈጣንም ሁሉ ድካም ቻይ ስላልሆነ፣ መለያየታቸው የተገባ ነው። ቀስት መወርወርን ለቅልጥፍና ብቻ መስጠታቸው ግን ደጋን ስቦ የሚያውቅን ሰው ሳያስቅ አይቀርም።

በጥንቱ ደንብ እነዚህ ቁጥሮች የሚገኙት ሦስት ባለስድስት ፊት ዳይስ ጥሎ ድምራቸውን በመያዝ ነበር። ሦስቱ ዳይሶች የሚወድቁባቸው መንገዶች 216 ናቸው። ከነዚህም ውስጥ 10 የሚያወጡት 27፣ 11 የሚያወጡትም እንዲሁ 27 ሲሆኑ፣ ትልቁን ቁጥር 18ን የሚያወጣው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ መካከለኛው ሰው ይበዛል፤ ኀያሉም ደካማውም ጥቂት ይሆናል። በ2014 የወጣው ደንብ ግን 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8 የሚሉ የተወሰኑ ቁጥሮችን አቅርቦ፣ ተጫዋቹ እንደ ፈቃዱ እንዲደለድላቸው አማራጭ ሰጥቷል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ቁጥሩ ምን ይሠራል የሚለው ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በተሠራበት ደንብ፣ 10 እና 11 ምንም አይጨምሩም፤ 20 አምስት ይጨምራል፤ 8 አንድ ይቀንሳል። ይህም ባለሃያ ፊት በሆነ ዳይስ ላይ ይታሰባል። አሁን ጉልበቱ 20 የሆነ ተሸካሚና ጉልበቱ 8 የሆነ ቀጭን ጸሐፊ ክርናቸውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ክንድ ለክንድ ቢታገሉ፣ ሁለቱ ዳይሶች ሊወድቁ ከሚችሉባቸው 400 መንገዶች በ91ዱ ጸሐፊው ያሸንፋል፤ በ14ቱ እኩል ይወጣሉ። ከመቶ ሃያ ሦስት ያህል ጊዜ ማለት ነው! በእውነተኛው ዓለም ይህን አይቻለሁ የሚል ምስክር አይገኝም።

ነገር ግን በዚያው በ2014 ደንብ የሸክም ልክ የሚታወቀው ጉልበቱን በ15 አባዝቶ በፓውንድ በመቍጠር ነው። ተሸካሚው 300 ፓውንድ፣ ማለት 136 ኪሎ ግራም ያህል ሲያነሣ፣ ጸሐፊው ከ120 ፓውንድ፣ ማለት ከ54 ኪሎ ግራም ያህል አያልፍም። እዚህ ላይ ዕድል ድርሻ የለውም። ያው አንድ ቁጥር በአንዱ ቦታ ሚዛን፣ በሌላው ቦታ ዕጣ ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ ብልህ ዳኛ ድንጋጤና ጥድፊያ፣ ጭቃና ጨለማ ባለበት ዳይስ ያስጥላል፤ ክንድ ለክንድ በሚታገሉበት ጊዜ ግን ሁለቱን ቁጥሮች አይቶ ተሸካሚው አሸነፈ ብሎ ይፈርዳል።

በሰው ስም አጠገብ የሚጻፍ ቁጥር ምን ያህል እንደሚከብድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ሳይነገረው ያውቀዋል። በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ፣ ጉልበቱ 18 የደረሰ የጦር ሰው ከ1 እስከ 100 የሚደርስ ተጨማሪ ቁጥር በዕጣ ይወጣለት ነበር። ባለታሪኳ የሰው ዘር የሆነች ሴት ከሆነች ግን ከ50 እንዳታልፍ ተወስኖባት ነበር። ተፈጥሮን ለመከተል ነው የሚል ቢኖር፣ ዘንዶው እሳት ሲተፋ ስለምን ዝም እንደተባለ ሊያስረዳን ይገባል። ዘንዶውን ሁሉ የፈቀደ ደንብ ተፈጥሮን ያስታወሰው ሴቲቱ ዘንድ ሲደርስ ብቻ ነው። ይህ ወሰን በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ተሰርዟል፤ በመሰረዙም ጨዋታው አንዳች አልጐደለበትም።

ስለ አእምሮ የሚሰጡት ቁጥሮች ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ ተጫዋቹ ባለታሪኩን ወክሎ ድንጋይ አያነሣም፣ ማሰቡን ግን ራሱ ያስብለታልና። የዚህን ነገር በሌላ ንግግር እንመለስበታለን። እስከዚያው እንደምን እደሩ።