ከጓደኞች ጋር ሙዚቃ ስለ መቅረጽ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከቀድሞ ተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር)



 ሥራዬ ሙዚቃ መቅረጽ ነው። ተቀጥሬ ሳይሆን በግሌ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከጓደኞቼ ጋር እሠራለሁ። «ይህ ጨዋታ እንጂ ሥራ ነውን?» የሚሉ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ።

በግል ተነሣሥቶ ሙዚቃ ማውጣት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ በአዲስ አበባ የሙዚቃ መደብር የነበረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በራሱ ድፍረት ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ማተሚያው በአገር ውስጥ ስላልነበረ ሸክላዎቹ በውጭ አገር እየታተሙ ይመጡ ነበር። አምሃ እስከ 1975 ድረስ ከ100 የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ፤ ብዙዎቹም ዜማዎች ኋላ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ቅጂ በውጭ አገር ሕዝብ ዘንድ ታወቁ።

ዛሬ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ማይክሮፎንና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ያለው ሰው ሥራውን መጀመር ይችላል። ነገር ግን ማይክሮፎን እንደ ሰው ጆሮ አይመርጥም። ሰው በጫጫታ መካከል የወዳጁን ድምፅ ለይቶ ይሰማል፤ ማይክሮፎን ግን በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርደውን ዝናብ፣ የጎረቤቱን ውሻና የመኪናውን ጥሩንባ ከዘፈኑ ጋር አንድ ላይ ይቀበላል። ስለዚህ ቀራጩ ከመሣሪያው በፊት ክፍሉን ያጠናል። ባዶ ግድግዳ ድምፅን ይመልሳል፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ሲሰቀልበት የቀጭኑ ድምፅ ማስተጋባት ይቀንሳል፤ የከበሮን ወፍራም ድምፅ ግን ጋቢ አያቆመውም።

ከበሮና ክራር በአንድ ክፍል ሲመቱ ከበሮው ክራሩን ይውጠዋል። መድኀኒቱ ክራሩን በኀይል መምታት ሳይሆን ማይክሮፎኑን ወደ ክራሩ ማቅረብና ከበሮውን ማራቅ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በቀጥታ የሚደርሰው የድምፅ ግፊት በግማሽ ይቀንሳልና። ኮምፒውተሩም ድምፁን በ1 ሴኮንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ እየለካ በቁጥር ይመዘግበዋል። የሰው ጆሮ ቢበዛ በሴኮንድ እስከ 20,000 ንዝረት ያህል ስለሚሰማ፣ ከእጥፉ በላይ መለካት ይበቃል። እንግዲህ በፊዚክስ ክፍል ስለ ሞገድ የተማርነው ከንቱ አልነበረም!

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ከጓደኛ ጋር መሥራቱ ነው። ጓደኛችን ከቃናው ሲወጣ ምን እናደርጋለን? ይሉኝታ ይዞን ዝም ብንል፣ እኛ ያልነገርነውን ቅጂው ለሕዝብ ሁሉ ይነግርበታል። ስለዚህ መልካሙን አስቀድሞ፣ ጉድለቱን አስከትሎ፣ በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው መንገር የወዳጅነት ግዴታ ነው። ድምፁ ከደከመም ሻይ ጠጥቶ ማረፍ፣ ካስፈለገም ለነገ ማቆየት ይገባል።

ሁለተኛው ፈተና ገንዘብ ነው። ማንም ያልሰማው ዘፈን ጠብ አያመጣም፤ ሲወደድ ግን «ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ?» የሚል ክርክር ይነሣል። አብረው ያደጉ ልጆች በአንድ ዘፈን ምክንያት ሰላምታ ሲነፋፈጉ አይቻለሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ለገጣሚውና ለዜማ ደራሲው መብት ሰጥቷል፤ ለከዋኙና ለድምፅ ቅጂው አዘጋጅም የ50 ዓመት ጥበቃ አድርጓል። ሕጉ ግን እኛ ያልተነጋገርንበትን ድርሻ ሊገምትልን አይችልም። እኔ ማይክሮፎኑን ከመትከሌ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱ ስም፣ ሥራና ድርሻ ተጽፎ ሁሉም ይፈርሙበታል። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ ለወዳጅነት የተሠራ አጥር ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ በትዕግሥት ማዳመጥን፣ እውነትን በትሕትና መናገርንና ቃልን መጠበቅን የሚጠይቅ ነገር ጨዋታ ብቻ ሊባል አይችልም። እናንተም ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ትምህርታችሁን ሳታጓድሉ፣ ባላችሁ ትንሽ መሣሪያ ጀምሩ። ጥሩ ማይክሮፎን በገንዘብ ይገኛል፤ ጥሩ ጓደኛ ግን አይገዛምና ከቅጂው አስበልጣችሁ ጠብቁት።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።